የጭምቱ መደርደሪያ

ሰውየው በሰፈሩ "ጭምቱ" ነው የሚባለው። ይሄን ስም ያወጣችለት የሚስቱ ታላቅ እህት ናት። ገና እጮኛ ሳለ ቤታቸው መጥቶ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ "እግዜር ይስጥልኝ" ብቻ ብሎ ተነስቶ ስለሄደ ነው። እሷም በሩን ዘግታ፣ "ይሄስ ሰው ነው ወይስ የተረሳ ዕቃ?" አለች ይባላል።

እውነትም ጭምት ነው። ቤት ውስጥ ከተናገረ ወይ "ጨው አቀብዪኝ" ነው፣ ወይ "በሩን ዝጊው" ነው። እንግዳ ከመጣማ አፉ ላይ ቁልፍ ያለበት ይመስላል። ግን ዓሣ ሊያጠምድ ጀልባው ላይ ወጥቶ ከዳር ሃምሳ ሜትር ያህል ከራቀ በኋላ ሌላ ሰው ነው። ያወራል። የልጅነቱን ያወራል፣ ያየውን ያወራል፣ ያላየውን ደግሞ ጨምሮ ያወራል። የሰፈሩን ሰው ድምፅ አንድ በአንድ ያስመስላል። አንዳንዴም ይዘፍናል፤ ድምፁ ግን ይቅርባችሁ።

ይሄን የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ናት፤ ለሰው ብትናገርም የሚያምናት የለም። ልጃቸው ካደገች በኋላ አብራው ዓሣ ማጥመድ ጀመረች፤ ይኸው አስራ አንድ ዓመት ሆናቸው። እሱ ይቀዝፋል፣ እሷ መረብ ትጥላለች፣ ትስባለች። ረጅም ናት፤ እጇም እግሯም ረጅም ነው። እሱ ደግሞ አጭር ነው። ጎን ለጎን ሲሄዱ ከኋላ ያያቸው ሰው፣ እናት ልጇን ትምህርት ቤት የምታደርስ ይመስለዋል። እነሱ ግን ለምደውታል።

ጀልባዋ ትንሽ ናት። ትንሽነቷ ባልከፋ፤ የከፋው ዝብርቅርቋ ነው። ቤት የሚለቅ ሰው ዕቃውን የጫነባት ጋሪ ትመስላለች። መረቡ የመልህቁ ገመድ ላይ፣ ገመዱ ባልዲው ላይ፣ ባልዲው ዳቦው ላይ። የሚፈለገው ነገር ሁልጊዜ ከማይፈለገው ነገር ስር ነው። ቢላዋ ሲፈለግ ውሃ መቅጃው ጣሳ ይገኛል። ጣሳው ሲፈለግ ደግሞ ቢላዋው ጣት ቆርጦ "አለሁ" ይላል።

"አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ነገር አንድ ቀን ብታነሳው ምን ይልሃል?" ትለዋለች ሚስቱ።

"ምኑን? እኔ እኮ ሁሉም የት የት እንዳለ አውቃለሁ።"

"አንተ ታውቃለህ። እኔ ደግሞ እግሬ ያውቃል።"

እንዲህ እየተባባሉ አስራ አንድ ዓመት ኖሩ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ግን መረብ ልትጥል ቆማ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ስትል መንጠቆ ተረከዟ ውስጥ ገባ። ትልቁ መንጠቆ ነው፣ ጆሮ ያለው፤ የገባበትን አይለቅም። ጭምቱ እስከ ዳር ድረስ እንዴት እንደቀዘፈ ራሱም አያውቅም። ጤና ጣቢያው ውስጥ ነርሷ መንጠቆውን አወጣችና በጣቷ እያገላበጠች፣ "ዓሣውስ አመለጠ?" ብላ ጠየቀችው። ጭምቱ መሬት መሬት አየ።

ከሰዓት በኋላ ታላቅ እህቷ ልትጠይቃት መጣች። እህትየው ዓሣ ማራገፊያው አጠገብ መረብ የሚጠገንበት ቤት ኃላፊ ናት። ስድስት ሴቶች አሏት፣ ሰባተኛ ትፈልጋለች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና የታሸገውን ተረከዝ አየት አድርጋ፣ ጭምቱን ደግሞ ረዘም አድርጋ አየችው።

"እኔ ጋ ወንበር አለ፣" አለች። "ጣሪያ አለ። እግር የሚወጋ ነገር የለም። እስከ ሰኞ ወንበሩን ለሌላ አልሰጥም፤ ሰኞ ጠዋት ቁርጡን ንገሪኝ።"

እህትየው ስትሄድ ሚስቱ እግሯን ትራስ ላይ እንደሰቀለች፣ "ስማ፣" አለችው። "አስራ አንድ ዓመት መረብ ላይ ቆሜ መረብ ስቤያለሁ። ከእንግዲህ እዚያች ጀልባ ውስጥ ለእኔ የሚሆን ቦታ ካላየሁ አልገባም። ከሰኞ ጀምሮ እህቴ ጋ ነኝ።"

"እሺ፣" አለ ጭምቱ።

ሌላም ብዙ ነገር ሊል ፈልጎ ነበር። ግን ቤት ውስጥ ነበሩ።

በማግስቱ ረቡዕ ብቻውን ወጣ። ብቻውን መቅዘፍና መረብ መሳብ ማለት፣ አንዱን ሲይዙ ሌላውን መልቀቅ ነው። መረቡን ሲይዝ ጀልባዋ እንደ ወፍጮ ትዞራለች፤ መቅዘፊያውን ሲይዝ መረቡ ይሸሻል። እስከ ረፋድ ታግሎ አንድ ዓሣ ያዘ። ይሄንንስ እንደምንም ተወው። ከዳር ሲርቅ እንደ ልማዱ ወሬ ጀመረ፤ በልጅነቱ በሬ አባሮት ዛፍ ላይ የወጣበትን፣ በሬውም ተከትሎት ሊወጣ የሞከረበትን። ወሬው ላይ አንድ ቦታ አለ፤ እዚያ ሲደርስ ሚስቱ ሁልጊዜ "ሂድ ወዲያ፣ ውሸታም!" ትለዋለች። እዚያ ቦታ ደረሰና ቆመ። ማንም ምንም አላለም። ባልዲው ውስጥ ያለውን ዓሣ አየው። ዓሣው አፉን ከፈተ፣ ዘጋ።

ጭምቱ ነገሩ የገባው ያኔ ነው። መረብ የሚስብ ሰው ተፈልጎ ይገኛል። "ሂድ ወዲያ፣ ውሸታም" የሚል ሰው ግን ከየት ይመጣል? እሷ እህቷ ጋ ከሄደች ቀን ቀን አይተያዩም፣ ማታ ማታ ደግሞ ቤት ናቸው። ቤት ውስጥ የሚያወራው ጨውና በር ብቻ ነው። ወሬያቸው ሁሉ ያለው ውሃው ላይ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ጀልባዋን ከቤታቸው በታች ዳር ላይ አወጣና ሆዷን ባዶ አደረገው። የወጣው ጉድ አያልቅም። ጠፉ ብሎ በምትካቸው ሌላ የገዛባቸው ሁለት ቢላዋዎች ወጡ። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የበር እጀታ ወጣ። ከአራት ዓመት በፊት ነፋስ ወሰደው ብለው ያዘኑለት የሚስቱ ባርኔጣ እንደ ድመት ተጠቅልሎ ከመረቡ ስር ወጣ።

ይሄን ሁሉ ሣሩ ላይ ዘርግቶ ሲያይ ጎረቤቱ መጣ። ጎረቤቱ የቧንቧ ሠራተኛ ስለሆነ "ቧንቧው" ይሉታል።

"ምነው ጎረቤት፣ ጀልባዋን ልትሸጣት ነው?"

"አይ።"

"ታዲያ?"

"መደርደሪያ።"

"ለምን?"

"ለሚስቴ።"

"ሚስትህን መደርደሪያ ላይ ልታስቀምጣት? ኧረ እሷ አትችልም፣ ጣሪያ ትነካለች!"

ጭምቱ ሳይወድ ሳቀ። ቧንቧውም ሳቁን ጨርሶ ወደ ቤቱ ሄደና የተራረፈ የፕላስቲክ ቧንቧ በትከሻው ተሸክሞ ተመለሰ።

"የማጥመጃ ዘንጎችህን በዚህ አቁማቸው፣" አለው። "ክንድ ክንድ እያልክ ቁረጥና ጎኗ ላይ እሰራቸው። ታች ግን ቀዳዳ ተውለት፤ አለዚያ ዝናብ ሲዘንብ የአበባ ማስቀመጫ ይሆንብሃል።"

እንጨቱን ከቤት አገኘ። ያገባችው ልጃቸው ድሮ የምትተኛበት አልጋ ተፈታቶ ከግድግዳ ጋር ቆሞ ነበር። የአልጋው ርብራብ ቀጭን፣ ደረቅና ቀጥ ያለ ነው። አሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪያ ነበረው፤ በመቀስ እንደ ጥብጣብ ቆራረጠው። ያለቀ ነጠላ ጫማም ነበረው።

ሥራ ላይ ጭምቱ አይቸኩልም፣ ሞኝም አይደለም። መጀመሪያ ዘንጎቹን በፕላስቲኩ ቧንቧ አቆመ። ቀጥሎ የነጠላ ጫማውን ሶል ከጎኗ ጋር በሁለት ብሎን አጠበቀና መንጠቆዎቹን ከትንሹ ጀምሮ እስከ ትልቁ ተራ በተራ ጎማው ውስጥ ሰካቸው፤ ሹል ሹላቸው ወደ ውስጥ፣ ጀርባቸው ወደ ውጭ። ቢላዋውንና ጣሳውን ከካላማዳሪያው በተቆረጠ ማሰሪያ ያዛቸው፤ ሳብ ሲያደርጉት ይለቃል፣ ሲተዉት መልሶ ይይዛል። ለመረቡ ማስጠሚያ እርሳስና ለተንሳፋፊው ከመቀመጫ ስር ሁለት መሳቢያ ሠራ። ለመረቡ ደግሞ መሐል ላይ ከአልጋው ርብራብ ሳጥን አቆመ፤ ታቹን ክፍት ክፍት አድርጎ ሠራው፣ መረቡ እርጥብ ሲገባ ውሃው እንዲንጠባጠብ።

ሜትር የለውም። ቢኖረውም ቁጥር መጻፍ አይሆንለትም፤ ሲጽፈው ይጠፋበታል፣ ሲያነበው ይገለበጥበታል። በሲባጎ ነው የሚለካው። ይዘረጋል፣ ይቋጥራል፣ እንጨቱ ላይ ያስቀምጣል፣ ከጆሮው ጀርባ በሚሰካው የመጻፊያ እርሳስ ምልክት ያደርጋል፣ ይቆርጣል። የመረቡ ሳጥን ላይ በተለይ ተጠነቀቀ፤ ነገሩ ሁሉ ለእግሯ ሲባል ነውና። ሳጥኑን ሳያጠብቅ መጀመሪያ በራሱ መቀመጫ ተቀምጦ እግሩን ሞከረ፤ ተመቸው። ከዚያ ተነስቶ በሚስቱ መቀመጫ ተቀመጠና ሞከረ፤ ይሄም ተመቸው። እንዲያውም ከጉልበቱ ፊት አንድ ስንዝር ትርፍ ቦታ አየ። "ይሄ በከንቱ አይቅር፣" አለና ሳጥኑን ወደ እሷ በኩል ገፋ አድርጎ በስምንት ብሎን አጠበቀው። ሲያበቃ ራሱን ነቀነቀ፤ ደስ ብሎታል።

ሚስቱ በዚህ ሁሉ ጊዜ ቤት ናት። አላየሁም ባይ ናት። ግን በእነዚያ ቀናት ያንን በጀልባዋ በኩል ያለ መስኮት በቀን አራት ጊዜ ወልውላዋለች፤ በአንድ እግሯ ቆማ።

ቅዳሜ ከሰዓት እህትየው በዚያ ስታልፍ ቆመች።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? የዶሮ ቤት?"

"አይ እትዬ።"

"የሰኞውን ነገር ታውቃለህ አይደል? ወንበሯን ወልውዬ አስቀምጫለሁ።"

"አዎ እትዬ።"

"ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ይላል የአገሬ ሰው።"

ጭምቱ ሳጥኑን በሁለት እጁ ይዞ በኃይል ነቀነቀው። ጀልባዋ ተነቃነቀች፣ ሳጥኑ ግን ንቅንቅ አላለም። እህትየውም ከንፈሯን ሸርመም አድርጋ ሄደች።

እሑድ ጠዋት ጀልባዋን ውሃ ላይ አውርዶ ካሰራት በኋላ ቤት ገባ። ሚስቱ በር ላይ ተቀምጣለች።

"ነይ፣" አላት።

"የት?"

"እይው።"

ተረከዟን እያነሳች መጣች። ቆማ አየች። ዘንጎቹን አየች፣ መንጠቆዎቹን አየች፤ በጣቷ ጀርባቸውን ነካ ነካ አደረገቻቸው። ካላማዳሪያውን ሳብ አድርጋ ለቀቀችው። ጣሳው ቦታው ላይ ጸጥ ብሏል። መሳቢያውን ከፈተች፣ ዘጋች፣ እንደገና ከፈተች። የጀልባዋን ወለል ስታይ ግን ቆየት አለች።

"ይሄ ወለል እንጨት ነበር እንዴ?" አለች።

"ነበር፣" አለ ጭምቱ።

"እኔ እኮ ከታች መረብ ብቻ ነበር የሚመስለኝ። ያዘኝማ።"

እጇን ይዞ አስገባት። እሱም ገብቶ መቀመጫው ላይ ተቀመጠ። እሷ መቀመጫዋ ላይ ቁጭ አለች፤ ማለቴ ቁጭ ልትል ሞከረች። ጉልበቷ ከሳጥኑ ግድግዳ ጋር ተጋጨ። ወደ ቀኝ አዞረችው፣ አልሆነም። ወደ ግራ አዞረችው፣ ዘንጎቹን ነካ። ወደ ላይ አነሳችው፤ አሁን ጉልበቷ አገጯ ጋ ደረሰ። እንደዚያ ሆና፣ ታጥፋ፣ ባሏን አየችው።

ጭምቱ መጀመሪያ ጉልበቷን አየ። ቀጥሎ የራሱን ጉልበት አየ። ከዚያ ሳጥኑን አየ። ፊቱ ቀስ እያለ ቀላ።

"አንተ ሰውዬ፣" አለች፣ "የእኔን ቦታ ስትለካ የማንን እግር ነው የለካኸው?"

"የ... የራሴን።"

"የራስህን።"

"ተመችቶኝ ነበር። አንድ ስንዝር ተርፎኝም ነበር፣" አለና ይሄን ማለቱ ነገሩን እንዳባሰው ገባው።

ሚስቱ አልሳቀችም። ጉልበቷን አቀፈች። ጀልባዋ ቀስ እያለች ትወዛወዛለች። ስትናገር ድምፇ ዝቅ ያለ ነበር።

"ለመንጠቆው ቦታ አገኘህለት። ለጣሳው፣ ለእርሳሱ ቦታ አገኘህ። ጠላሁት አይደለም፣ እጅህ ወርቅ ነው። ግን አስራ አንድ ዓመት ከፊትህ ተቀምጬ የእግሬን ርዝመት አታውቀውም? እኔ የተቆጣሁት በመንጠቆው መሰለህ? መንጠቆማ ማንንም ይወጋል። እግሬን አጥፌ ስቀመጥ አንድ ቀን አላየኸኝም፤ እሱ ነው።"

ጭምቱ ተነሳ። ሊያለቅስም ሊሮጥም የፈለገ ይመስላል፤ ጀልባ ላይ ደግሞ የሚሮጥበት የለም።

"እነቅለዋለሁ፣" አለ። "አሁኑኑ። ስምንት ብሎን ነው። ወደ እኔ አደርገዋለሁ።"

"ወደ አንተ አድርገኸው በምን ትቀዝፋለህ? በጥርስህ?"

"ታዲያ አወጣዋለሁ። ይቅር። መረቡ ድሮ እንደነበረው..."

"ድሮ እንደነበረው ካልከኝ አሁን ነው ወርጄ የምሄደው።"

ጭምቱ ዳሩን አየ። ከማሰሪያው ገመድ በቀር ጀልባዋን የያዘ ነገር የለም። በሕይወቱ አድርጎት የማያውቀውን ነገር ያደረገው ያኔ ነው፤ ጀልባዋ ከዳር ሳትፈታ፣ ቤታቸው እየታየ፣ ወሬ ጀመረ።

"አንቺ አትሂጂብኝ፣" አለ። "ረቡዕ ለብቻዬ ወጥቼ የበሬውን ወሬ ለዓሣ ነገርኩት። ዛፉ ላይ ሲወጣ የሚለው ጋ ስደርስ ቆምኩ፤ ዝም። ዓሣው ምንም አላለኝም። እጄ ሳጥን ይሠራል፣ አፌ ግን አንቺ ከሌለሽ አይሠራም። እግርሽን አላየሁትም፣ እውነትሽን ነው። ፊትሽን ነው ሳይ የኖርኩት። ስቀዝፍ ከፊቴ ያለው እሱ ነው።"

ሚስቱ አየችው፤ ቆየት ብላም ዳሩን አየች።

"ገና አልተፈታንም እኮ፣" አለች።

"አውቃለሁ።"

"ቤቱ ይታያል።"

"አውቃለሁ አልኩ እኮ!"

አሁን ሳቀች። ከሆዷ ሳቀች፤ ጀልባዋም አብራት ተናጠች። ስትጨርስ እጇን ዘርግታ ከጆሮው ጀርባ እርሳሱን ነጠቀችው። ቀና ብላ ተቀመጠች፣ ሁለት ጉልበቷን ሳጥኑ ላይ ገፋ አደረገች፣ በእያንዳንዱ ጉልበቷ ዙሪያም እንጨቱ ላይ እንደ ግማሽ ጨረቃ መስመር አሰመረች።

"መረብ ለስላሳ ነው፣" አለች። "ጉልበቴ ገባ ቢልበት አይጎዳኝም። ይሄን ቁረጥ።"

"አሁን?"

"አሁን። ተቀምጬ። ካልሆነ ደግሞ የጎረቤታችንን የቧንቧውን ጉልበት ለክተህ ትመጣለህ።"

መጋዙን አመጣ። ተንበርክኮ ቆረጠ፤ የመጋዙ ጥርስ ጉልበቷን እንዳይነካ በግራ እጁ እየጋረደ። የተቆረጠውን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው። ሲጨርስ እግሯን ዘረጋች። ሙሉ በሙሉ ዘረጋችው። አስራ አንድ ዓመት ታጥፎ የኖረ እግር ሲዘረጋ ማየት ደስ ይላል።

"ለእህትሽስ?" አላት፣ ፈራ ተባ እያለ።

"ነገ እነግራታለሁ።"

"ምን ብለሽ?"

"ነፋስ በርትቶ ጀልባ የማይወጣበት ቀን መጥቼ እጠግንልሻለሁ እላታለሁ። ሌላውን ቀን ቦታ አለኝ። አሁን ፍታትና እንውጣ።"

ሰኞ ጠዋት እህትየው ይሄን ስትሰማ ትንሽ አኮረፈች። ግን የነፋስ ቀን በዓመት ውስጥ ትንሽ አይደለም፤ ቆጥራ ቆጥራ ተስማማች።

መደርደሪያው ከዚያ በኋላ በዓሣ ማራገፊያው ስሙ ወጣ። ዓሣ አጥማጆቹ እየመጡ ያያሉ፣ የዘንግ ማቆሚያ ቧንቧዎቹን ይነካሉ፣ ካላማዳሪያውን ይስባሉ። ጭምቱ አያስረዳም፤ ጠያቂ ሲበዛበት ጣቱን ወደ ነገሩ ይቀስርና ዝም ይላል። እነሱም በሲባጎ እየለኩ ሄዱ። በሦስተኛው ወር ከማራገፊያው ጀልባዎች ግማሾቹ መደርደሪያ ነበራቸው።

ከነዚያ መካከል አንዱ፣ ከወንድሙ ጋር የሚያጠምድ ሰው፣ ሳጥኑን ሠርቶ ጨረሰና ግድግዳው ላይ ሁለት ግማሽ ጨረቃ ቆረጠ። ወንድሙ ከጭምቱም ያጥራል። ተቀምጦ ቢያይ ጉልበቱ ከቀዳዳው አንድ ክንድ ይርቃል፣ መረቡም በቀዳዳው ሾልኮ ይወጣል።

"ይሄ ደግሞ ለምንድን ነው?" አለ ወንድምየው።

"እኔ ምን አውቄ?" አለው። "ግን የጭምቱ ላይ አለ። ያለ ምክንያት አይቆርጠውም።"

ጭምቱና ሚስቱ በዚያ በኩል እየቀዘፉ ሲያልፉ ይሄን ሰሙ። ሚስቱ አፏን በእጇ ያዘች። ጭምቱ ከዳር ሃምሳ ሜትር እስኪርቁ ጠብቆ፣ የሁለቱን ወንድማማቾች ድምፅ እያስመሰለ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀመረላት፤ ትንሽ ጨመር አድርጎበትም።